የቤቱ ምስል የማን ነው?

ከጥቂት ዓመታት በፊት በቸርችል ጎዳና ከሚገኙት የማስታወሻ ዕቃ መሸጫ ሱቆች በአንደኛው ውስጥ፣ ከአሮጌ ቴምብሮችና ከዛጉ ሳንቲሞች ሥር ከተቀመጠ የካርቶን ሣጥን አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ አወጣሁ። መጠኑ ከደብተር ገጽ የማይበልጥ፣ ጠርዙ በዕድሜ ብዛት ቢጫ የሆነ፣ አንድም ሰው የማይታይበት የቤት ምስል ነበር። ቤቱ ዝቅ ብሎ የተዘረጋ ቪላ ነው። ጣራው ስስ ሆኖ ከግድግዳው አልፎ በመውጣት በረንዳውን ይጋርዳል፤ ጣራውንም የሚሸከሙት ቀጥ ብለው ሳይሆን ዘንበል ብለው የቆሙ ቀጫጭን የብረት ምሰሶዎች ናቸው። የፊቱ ግድግዳ እኩሌታው በጥርብ ድንጋይ፣ እኩሌታው በሰፊ መስታወት የተሠራ ነው። ከጎኑ አንዲት ቮልስዋገን ቆማለች፤ ከበስተኋላው ከሜዳና ከሰማይ በቀር የሚታይ ነገር የለም። ከጀርባው «ቦሌ፣ ኅዳር 1959» የሚል ቃል በእርሳስ ተጽፎበታል። ነጋዴው የጠየቀኝን ዋጋ ሳልከራከር ከፍዬ ወሰድሁት፤ በመስታወት አስገብቼም በእንግዳ መቀበያ ክፍሌ ሰቀልሁት።

በዚያ ምስል ምክንያት ያሳለፍሁት ሐሳብ ለአንባቢም የማይጠቅም አይመስለኝም። ነገሩ ሲታይ ትንሽ ነው። ነገር ግን በውስጡ «የቤት ምስል የማን ንብረት ነው? ምስሉን መውደድስ ለቤቱ ያለብንን ዕዳ ይከፍላልን?» የሚል ጥያቄ አለበት፤ እኔም ጥያቄውን በአእምሮዬ ብቻ ሳይሆን በእጄም ልመልሰው ግድ ሆነብኝ።

የቤትን ፎቶግራፍ እንደ ሥዕል ቆጥሮ መሰብሰብ በእኛ ዘንድ አዲስ ልማድ ነው። በውጭው ዓለም ግን ሰፊ ገበያ ያለው ጉዳይ ከሆነ ቆይቷል። ከሁሉ ይልቅ የታወቁት በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ምድረ በዳ፣ ፓልም ስፕሪንግስ በምትባለው ከተማና በአካባቢዋ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተሠሩት ቤቶች ምስሎች ናቸው። ሪቻርድ ኖይትራ የተባለው መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1946 ለካውፍማን ቤተሰብ የሠራውን ቤት ጁሊየስ ሹልማን በማግሥቱ ዓመት በ1947 ፎቶግራፍ አነሣው። ጊዜው ፀሐይ ጠልቃ ተራራው ሊጨልም ሲል ነበር። በመዋኛው ውስጥ ያለው መብራት ምስሉን እንዳያበላሽበት የቤቱ እመቤት ከመዋኛው ዳር ጋደም ብለው ብርሃኑን በሰውነታቸው እንዲጋርዱለት ለመናቸው፤ እርሳቸውም እሺ አሉ። ዛሬ ያን ምስል የሚያይ ሰው አንዲት ሴት በምሽት ነፋስ ዐርፋ የተኛች ይመስለዋል። እመቤቲቱ ግን በዚያ ሰዓት የመብራት መጋረጃ ነበሩ።

ሹልማን እ.ኤ.አ. በ2009 ሲያርፍ የምስሎቹ ክምችት ጌቲ በተባለው የሎስ አንጀለስ የጥበብ ተቋም እጅ ገብቶ ነበር። ምስሎቹ የተነሡላቸው ቤቶች ዕድል ግን አንድ ዓይነት አልሆነም። ኖይትራ በራንቾ ሚራዥ እ.ኤ.አ. በ1962 ለማስለን ቤተሰብ የሠራው ቤት በ2002 ተሸጠ፤ አዲሱም ባለቤት በዚያው ዓመት አፈረሰው። የካውፍማን ቤት ደግሞ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍና መልኩ ሲለዋወጥ ኖሮ በመጨረሻ ቤቱን የሚወዱ ሰዎች ገዙት፤ አዳሾቹም የሹልማንን ፎቶግራፎች፣ ከዚያ በፊት ታትመው ያልወጡትን ጭምር፣ እየተመለከቱ ወደ ቀድሞው መልኩ መለሱት። ስለዚህ ፎቶግራፍ ለቤት የሚሠራው ሥራ ሁለት ነው፤ አንዱን ከሞት ያስነሣዋል፣ ለሌላው የመቃብር ሐውልት ሆኖ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2008 ይኸው የካውፍማን ቤት ክሪስቲስ በተባለው የታወቀ የሐራጅ ድርጅት አማካይነት ከሥዕሎች ጋር ለጨረታ ቀርቦ ከ15 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተጠራበት፤ ሽያጩ ግን ሳይፈጸም ቀረ። ምስሉ ሥዕል ሆኖ ስለ ኖረ ቤቱም በመጨረሻ እንደ ሥዕል ተቆጠረ ማለት ነው። ይህን ሳነብ ሣቅሁ፤ ኋላ ግን በራሴ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን አስታወስሁና ሣቄን አቋረጥሁ።

ወደ አገራችን እንመለስ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. አዲስ አበባ መልኳን በፍጥነት የለወጠችበት ዘመን ነበር። አርቱሮ መዜዲሚ የአፍሪካ አዳራሽን ሠርቶ በ1953 ተመረቀ፤ የማዘጋጃ ቤቱም ሕንፃ የእርሱ እጅ ሥራ ነው። ሄንሪ ሾሜት የንግድ ባንክን ክብ ሕንፃ አቆመ። የአገራችን ልጅ ሚካኤል ቴድሮስ ከዛልማን ኤናቭ ጋር ሆኖ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርንና የፍልውሃን መታጠቢያ ሕንፃዎች ነደፈ። በልደታ በኩል የነበረው የአውሮፕላን ማረፊያ ለጄት የማይበቃ ሆኖ ስለ ተገኘ ማረፊያው ወደ ቦሌ ሲዛወር ከተማይቱ ፊቷን ወደ ምሥራቅ አዞረች፤ በሜዳውም ላይ አንድ በአንድ ቪላዎች በቀሉ። ዛሬ ከሆቴሉ ስሙን ወስዶ ኢምፔሪያል የሚባለውና ከገርጂ ጋር የሚዋሰነው ሰፈር በዚያ ጊዜ የከተማው ዳርቻ ነበር።

እነዚህ ቪላዎች ከካሊፎርኒያው ቤት ጋር የሥጋ ዝምድና የላቸውም፤ የዘመን ዝምድና ግን አላቸው። ሰፊ መስታወት፣ ስስ ጣራ፣ ከድንጋይ ጋር የተጋባ ብረት፣ ከክፍል ወደ አትክልት ቦታ የሚያወጣ በረንዳ በሁለቱም ዘንድ ይገኛል። ልዩነቱን ያመጣው ዝናሙ ነው። በምድረ በዳ የተሠራ ጠፍጣፋ ጣራ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይን ብቻ ይታገላል፤ የእኛ ጣራ ግን ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርደውን ውሃ መሸኘት አለበት። ስለዚህ ብልህ የነበሩት ሠሪዎች ከፊት ሲያዩት ጠፍጣፋ የሚመስለውን ጣራ ወደ ኋላ አዘንብለው በቆርቆሮ ከደኑት፤ ብልህ ያልነበሩት የሠሩት ቤት ባለቤት ግን በየክረምቱ ከኮርኒሱ ሥር ባልዲ ሲያስቀምጥ ኖረ። በፎቶግራፍ ላይ ክረምት የለም። አንሺው ኅዳርን መርጦ፣ ሰማዩ ታጥቦ ብርሃኑ ሲጠራ ይመጣል።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል። ሐምሌ 1967 በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ንብረት ሆነ። ከአንድ በላይ ቤት የነበረው ሰው አንዱን ይዞ ሌላውን አስረከበ፤ ብዙዎቹም ቪላዎች በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር ገቡ። ቤቱ ሲወሰድ አልበሙ ከባለቤቱ ጋር ቀረ። አልበሙም በስደት፣ በሞት፣ በውርስ ክፍፍል እየተበታተነ ሄዶ፣ ገጹ እየተገነጠለ ከቸርችል ጎዳናው የካርቶን ሣጥን ደረሰ። እኔ የገዛሁት ምስል በየትኛው መንገድ እንደ መጣ ነጋዴው አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። አለመጠየቄን እንደ ጥፋት የቆጠርሁት ዘግይቼ ነው።

አንድ ቀን ለጉዳይ ከኢምፔሪያል ወደ ቦሌ መድኃኔ ዓለም ውስጥ ውስጡን ስሄድ፣ ቅጥሩ የፈረሰ ግቢ አየሁና እግሬ ቆመ። ዘንበል ያሉት ምሰሶዎች ዝገው ቆመዋል። ጥርብ ድንጋዩ አለ፤ መስታወቱ ግን ወልቆ ከግንቡ ተደግፏል። በማግሥቱ ምስሉን ከግድግዳዬ አውርጄ ይዤ ተመለስሁና ከበሩ ቆሜ አስተያየሁት። እርሱ ራሱ ነበር። ሊፈርስ ሦስት ሳምንት እንደ ቀረውና በቦታው ብዙ ፎቅ ያለው ሕንፃ እንደሚሠራ ሠራተኞቹ ነገሩኝ።

ከግቢው ኋላ፣ በሰርቪስ ቤቱ በር ላይ አንዲት እናት በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር። ዕቃቸው በማዳበሪያ ከረጢት ታስሮ አጠገባቸው ተቀምጧል። በ1958 ገና ልጅ ሳሉ በወጥ ቤት ሠራተኛነት ወደዚያ ቤት ገብተው፣ ባለቤቶቹ ከሄዱ በኋላ ከተከራዩ ጋር፣ ከተከራዩ በኋላ ከሌላው ጋር እየኖሩ እዚያው አርጅተዋል። ምስሉን ሰጠኋቸው። ወደ ብርሃን አዙረው ብዙ ጊዜ ተመለከቱት።

«ይህን ያነሡ ዕለት አለሁ፤» አሉኝ። «በረንዳው ላይ በርበሬ አስጥቼ ነበር። ቶሎ አንሺው፣ አንቺም ወደ ጓዳ ግቢ ተባልሁ። እኔ ከዚህ ወዲያ ነኝ፤» ብለው ጣታቸውን ከምስሉ ጠርዝ ውጭ፣ በባዶው አየር ላይ አሳረፉ።

ያን ጊዜ የካውፍማን እመቤት ትዝ አሉኝ። አንደኛዋ ሴት ለምስሉ ሲባል መብራት እንድትጋርድ ተጋደመች፤ ሁለተኛይቱ ለምስሉ ሲባል በርበሬዋን ሰብስባ ወጣች። ሆኖም የመጀመሪያይቱ በዓለም ሙዚየሞች ስትታይ ትኖራለች፤ ሁለተኛይቱን በምስሉ ላይ የሚያሳይ ነገር ቢኖር በወለሉ ላይ የቀረ ጥቂት ጥቁረት ነው፤ እኔም ያን ጥቁረት ለዓመታት የፎቶግራፉ እድፍ አድርጌ ስቈጥረው ኖሬያለሁ።

በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በ27ኛው አንቀጽ የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን፣ ማባዛትንና ለሽያጭ ማቅረብን በመርሕ ደረጃ ይከለክላል። መልካም ሕግ ነው። ነገር ግን ጥበቃው በምስሉ ላይ ለታየ ሰው ነው። ከምስሉ እንዲወጣ ለተደረገ ሰው ምን መብት አለው? ሕግ ይህን ሊመልስ አይችልም፤ እንዲመልስም አንጠብቅበትም። ጥያቄው የግብረ ገብ ጥያቄ ነው።

እንግዲህ የገዛሁት ምስል የእኔ ነው ለማለት ሁለት ማስረጃ ነበረኝ። አንደኛው ገንዘቤን ከፍያለሁ የሚለው ነው። ሁለተኛውና የተሻለው ግን እኔ ባልገዛው ኖሮ ወረቀቱ ተቀድዶ ወይም የቆሎ መጠቅለያ ሆኖ ይጠፋ ነበር የሚለው ነው። ይህ እውነት ነው፤ በሰብሳቢዎች ላይ የሚፈርድ ሰው ይህን መርሳት አይገባውም። የአርመን ተወላጆቹ የቦያጅያን ቤተሰብ ሰዎች ለቤተ መንግሥቱ ያነሧቸው ምስሎች ጠባቂ ነበራቸው፤ የተራው ቤተሰብ ምስል ግን ጠባቂው ሣጥንና ዕድል ብቻ ነው። ፋሲል ጊዮርጊስና ዴኒ ዤራር ከከተማይቱ መቆርቆር እስከ እ.ኤ.አ. 1941 የተሠሩትን የአዲስ አበባ ሕንፃዎች ታሪክ ከነምስላቸው በመጽሐፍ ባያስቀምጡልን፣ ከዚያ ወዲህ የፈረሱትን ቤቶች መልክ ዛሬ የምናውቀው ምን ያህሉን ነበር? «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል ስም የተሰባሰቡ ወጣቶችም ከየቤተሰቡ አልበም እየለመኑ ያገኟቸውን ፎቶግራፎች እ.ኤ.አ. በ2018 በመጽሐፍ አሳትመዋል። ሥራቸውን የማከብረው ስለ ሰበሰቡ ብቻ አይደለም፤ ወደ ባለቤቱ ሄደው ስለ ጠየቁ ጭምር ነው እንጂ። እኔ ያላደረግሁት ይህን ነበር።

ከጥፋት ማዳን ባለቤት ያደርጋልን? በወንዝ የተወሰደ በግ ያወጣ ሰው በጉን አርዶ አይበላም፤ ባለቤቱ እስኪመጣ ያግደዋል። ይህን ነገር አባቶቻችን አደራ በሚለው ቃል አስረውታል። አደራ ከንብረት የሚለየው ዕቃው በእጅህ ሳለ ያንተ አለመሆኑ ነው። እዚህ ላይ ግን አንድ ችግር ይነሣል። አደራ ሰጪ ይፈልጋል። ማንም «ጠብቅልኝ» ብሎ ባልሰጠኝ ነገር፣ ከነጋዴ በገዛሁት ነገር፣ እንዴት የአደራ ተቀባይ ልሆን እችላለሁ? ይህን ጥያቄ ለብዙ ጊዜ አመላለስሁት። ለጊዜው የደረስሁበት መልስ ይህ ነው፤ አደራ ሁልጊዜ በቃል አይሰጥም። አንድ ነገር በሌላው ሰው ሕይወት የከበረ መሆኑን ካወቅሁበት ሰዓት ጀምሮ ዕውቀቱ ራሱ አደራ ሰጪዬ ይሆናል። ከማወቄ በፊት ገዢ ነበርሁ። እናቲቱ ጣታቸውን ከጠርዙ ውጭ ባሳረፉ ጊዜ ግን ገዢነቴ አበቃ፤ ምንም እንኳ ይህን ለራሴ ለማመን ወራት ቢፈጅብኝ።

አንዳንድ ሰዎች «ስለ ምስሉ ይህን ያህል ከመጨነቅ ቤቱ እንዳይፈርስ አትከራከርምን?» ይሉኝ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ስመልሰውም ራሴን ጻድቅ ለማድረግ አልሞክርም። የሕዝብ ሕንፃ ተከራካሪ አያጣም፤ የአፍሪካ አዳራሽ ታድሶ ጥቅምት 2017 እንደገና ሲከፈት አዳራሹም፣ የአፈወርቅ ተክሌም ባለ ቀለም መስታወት ክብራቸው ተመልሷል። የግል ቪላ ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ ቤተሰብ የሚኖርበት ሰፊ ግቢ ለመቶ ቤተሰብ መጠለያ በሚሆንባት፣ ቤት ፈላጊው በበዛባት ከተማ ውስጥ፣ ምሰሶው ዘንበል ስላለና ድንጋዩ ስላማረ ብቻ ይቁም ብሎ መከራከር ለተጠለለ ሰው ይቀላል። እኔ ጣራ አለኝ። ሁሉም ቪላ ይቁም አልልም፤ ጥቂቶቹ፣ የዘመኑን ጥበብ በሙሉ የሚያሳዩት፣ ተመርጠውና ተመዝግበው ቢቀሩ ግን ለተማሪዎቻችን የሚሰጡት ትምህርት ከብዙ መጻሕፍት ይበልጣል። የሕንፃ ጥበብ የሚማር ወጣት የመስታወትንና የዝናምን ጠብ በሥዕል ሳይሆን በእጁ ሊዳስሰው ይገባል። ለሚፈርሱትም ቢሆን ከመፍረሳቸው በፊት አንድ ቀን ሰጥቶ ፎቶግራፍ ማንሣት፣ ስፋታቸውን መለካትና የኖረባቸውን ሰው ስም መጻፍ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም።

ሲነሡም ከፊት ብቻ አይሁን። ይህን ከእናቲቱ ተምሬአለሁ። ሰርቪስ ቤቱ፣ የልብስ ማጠቢያው ገንዳ፣ የዘበኛው ጎጆ፣ ጭሱ ያጠቆረው የወጥ ቤት ግድግዳ፣ ከኮርኒሱ ሥር የተቀመጠው ባልዲ ሁሉ የቤቱ አካል ናቸው። የቦሌን ቪላ ከፊቱ ብቻ የሚያይ ሰው ይህን ዘመን የመስታወትና የቮልስዋገን ዘመን አድርጎ ይናፍቀዋል። ናፍቆቱ ሐሰት አይደለም፤ ቤቱ በእውነት ያማረ ነበር፤ የሠራውም እጅ የተካነ ነበር። ነገር ግን ከኋላ የነበረውን ሰው እንደገና ወደ ጓዳ የሚያስገባ ናፍቆት ሁለተኛ በደል ነው። ሰብሳቢ ከሌላው ሰው ይልቅ ለዚህ በደል ይጋለጣል፤ ምክንያቱም የሚወደው ባዶውን ቤት ነው። በገበያም ቢሆን ሰው የሌለበት ምስል ይመረጣል፤ በማያውቁት ሰው ፊት ሥር ሻይ ከመጠጣት ባዶ በረንዳ መመልከት ይቀላልና።

በዚያን ቀን ያደረግሁትን ሳልናገር ብቀር ይህ ሁሉ ቃል ከንቱ ይሆናል። እናቲቱ ምስሉን ከጉልበታቸው ላይ ሳያነሡ «ልጄ፣ ይህን ብትተውልኝ» አሉኝ። ደነገጥሁ። ወዲያውም «እማማ፣ ግልባጭ አሠርቼ አመጣልዎታለሁ፤ ከዚህም አሳድጌ፣ በመስታወት አስገብቼ» አልሁ። ቀና ብለው አዩኝና ያለ ቁጣ «ግልባጩን አንተ ውሰደው፤ ላንተ ያው ነው» አሉ።

መልስ አልነበረኝም። ከእኔ ይልቅ ነገሩን ተረድተውት ነበር። እኔ የምወደው የጣራውን መስመር፣ የብርሃኑንና የጥላውን ሚዛን ነው፤ ይህም በግልባጩ ላይ ሳይጎድል ይገኛል። ለእርሳቸው ግን ወረቀቱ ራሱ ከዚያ ቤት የወጣ ዕቃ ነው፤ እርሳቸው በርበሬ ሲያነሡ በዚያው ግቢ ውስጥ ተነሥቶ፣ በዚያው ቤት ውስጥ የኖረ። እንዲህም ሆኖ እጄ አልፈታልኝም። ምስሉን ተቀብዬ ሄድሁ፤ በሳምንቱ ያማረ ግልባጭ ይዤ ተመለስሁ፤ እርሳቸውም አመስግነው ተቀበሉኝ። ምስጋናቸው ከስድብ ይልቅ ከበደኝ።

ቤቱ በተባለው ጊዜ ፈረሰ። ጥርብ ድንጋዩን በጭነት መኪና ወሰዱት፤ ምሰሶዎቹ ለብረት ገዢ ተሸጡ። ከወራት በኋላ እናቲቱ ሰሚት ኮንዶሚኒየም ከእኅታቸው ልጅ ዘንድ እንደሚኖሩ ከሠራተኞቹ አንዱ ነገረኝና አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሄድሁ። ዋናውን ምስል ከነመስታወቱ በጋዜጣ ጠቅልዬ ይዤ ነበር። በሩን የከፈተችልኝ ልጅ «እማማ፣ የፎቶው ሰውዬ መጣ» ብላ ተጣራች። ምስሉን ሲቀበሉ ገልብጠው ጀርባውን አዩ፤ ማንበብ ስለማይችሉ ልጂቱ «ቦሌ፣ ኅዳር 1959» ብላ አነበበችላቸው። «አዎን፣ ለሚካኤል ሦስት ቀን ሲቀረው ነው» አሉ። ቀኑን ከዚያች ሰዓት በፊት ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር።

ግልባጩን መልሰው ሰጡኝ። አሁን በግድግዳዬ ላይ ያለው እርሱ ነው፤ እንግዶቼም ልዩነቱን አያውቁም። በእርሳስ የተጻፈውን ቃል፣ ቀኑንም ጨምሬ፣ በራሴ እጅ በጀርባው ልጽፍበት አስቤ ነበር፤ ኋላ ግን ተውሁት።